ተርቢየም ለብረት ጉልበት አይሰጥም

ስለ ብርቅዬ የምድር ማዕድናት በተጻፈ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይደጋገማል፦ ብረት ላይ ሲጨመሩ ማግኔቱን ያበረቱታል፣ ዋጋቸውም ከዚህ ይመነጫል። ይህ ስሕተት ነው። በዝነኛው የኒዮዲሚየም ማግኔት ውስጥ እንኳ ጉልበቱ በአብዛኛው የብረቱ ነው። የኒዮዲሚየም ድርሻ ያ ጉልበት ከአቅጣጫው ንቅንቅ እንዳይል መያዝ ነው።

ስሕተቱን አፍረጥርጦ የሚያወጣው ግን ቴርፌኖል-ዲ የተባለው የሁለት ብርቅዬ ማዕድናት (የተርቢየምና የዲስፕሮሲየም) እና የብረት ቅይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አርተር ክላርክና ባልደረቦቹ ሜሪላንድ በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ሠሩት፤ ዋና አገልግሎቱም በውኃ ውስጥ በድምፅ ለሚቃኘው ሶናር ነበር። ብረት የማግኔት መስክ ውስጥ ሲገባ ርዝመቱ እንደሚለወጥ የፊዚክስ ሊቁ ጁል በ1840ዎቹ አሳይቷል፤ ለውጡ ግን ኢምንት ነው። በኒኬልም እንዲሁ ነው፦ 10 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ቢያጥር 0.004 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያንኑ የሚያህል የቴርፌኖል-ዲ ዘንግ 0.1 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል።

ታዲያ ይህ ከማግኔት ብርታት መጣ? የቴርፌኖል-ዲ ማግኔትነት ከንጹሕ ብረት ግማሽ እንኳ አይደርስም። የተርቢየም አቶሞች ማግኔት ከብረቱ በተቃራኒ ስለሚቆም አንዱ የሌላውን ይቀንሳል። ሥራውን የሚሠራው ቅርጽ ነው። በተርቢየም አቶም ውስጠኛ ክፍል ያለው የኤሌክትሮን ደመና ጠፍጣፋ ነው፤ ከአቶሙ ማግኔት ጋርም ተቆራኝቷል። መስኩ ማግኔቱን ሲያዞር ደመናው አብሮ ይዞራል፣ አጠገቡ ያሉትን አቶሞች ይገፋል፣ ዘንጉም ይረዝማል። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ የተርቢየም ጎረቤት የሆነውን ጋዶሊኒየምን እንይ። የአቶሙ ማግኔት ከተርቢየም ብዙም አያንስም፤ ደመናው ግን ድቡልቡል ነው። ድቡልቡል ነገር ቢዞር ማንንም አይገፋም። ከብረት ጋር ሲዋሐድ የርዝመት ለውጡ ከተርቢየሙ በብዙ እጥፍ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ጉልበት ምክንያት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት ከየት ይመጣል?

እንዲያውም ብርታት የሚሰጠው ብረቱ ነው። ንጹሕ ተርቢየም ማግኔትነቱን የሚይዘው በብርቱ ቅዝቃዜ ብቻ ነው፤ ከብረት ጋር ሲዋሐድ ግን ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይዘልቃል። የቀረው ችግር ግትርነቱ ነበር፤ የተርቢየምና የብረት ውሑድ አቅጣጫውን ለመቀየር እጅግ ኃይለኛ መስክ ይጠይቃል። የዲስፕሮሲየሙ ውሑድ ደግሞ የሚመርጠው ሌላ አቅጣጫ ነው። ክላርክ ሁለቱን 3 ለ 7 ገደማ ሲቀላቅላቸው ግትርነቱ ጠፋ፣ መርዘሙ ግን እንዳለ ቆየ። የኒዮዲሚየም ማግኔት ሠሪ አጥብቆ የሚፈልገውን ግትርነት ክላርክ ሆን ብሎ አጠፋው። በዚህ ሙያ ከዚህ የበለጠ ብልሃት አላውቅም።

ቴርፌኖል-ዲ ውድ ነው፣ ተሰባሪ ነው፣ በከፍተኛ ድግግሞሽ ይግላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ይህ የአመራረትና የአጠቃቀም ጣጣ እንጂ ለክርክሩ መልስ አይደለም። ያለ ብርቅዬ ማዕድን የተሠራው የብረትና የጋሊየም ቅይጥም ጠንካራ ሆኖ ሳለ በመርዘም አይደርስበትም።

ስለዚህ የማግኔት ትምህርት ማዕድናቱን በጉልበት መደርደሩን ይተው። ጋዶሊኒየምና ተርቢየም ጎን ለጎን ቀርበው የደመናቸው ቅርጽ ይቅደም፤ የሚቀጥለው ታላቅ ቅይጥ የሚገኘውም በዚሁ መንገድ እንጂ የበረታ ማግኔት በማሳደድ አይሆንም።