ስለ ቤተ ሰብ የፍሬ አትክልትና ስለ ደንበኞቹ

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንናገርለት ያሰብነው በገበታችን ላይ ስለምናየው ፍሬና ፍሬውን ለማድረስ ስለሚደክመው ቤተ ሰብ ነው። ፍሬውን ሁላችን እናመሰግናለን፤ የተክሉን ጭንቀት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ማሽላውን ለጓዳው ሲያኖር፥ የጓሮውን ፍሬ ለከተማው ሰው ይሸጣል። ቢዮ አዋሌም ከድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ነው። «ቢዮ» በሶማልኛ ውኃ ማለት ነው፤ ነገር ግን በዚያ አገር ውኃ እንደ ስሙ የሚበዛ አይደለም። እንጆሪ ደጋውን ስለሚወድ፥ የዚህ ቆላ የጓሮ ተክል ፓፓያ፥ ሎሚ፥ ዘይቱንና ማንጎ ነው።

ዝናቡ በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል። በልጉ የቀረበት ማሽላ ዘሪ የዓመቱን አዝመራ ያጣል፤ በሚመጣው ዓመት ግን መልሶ ሊዘራ ይችላል። ማንጎው የደረቀበት ሰው የሚያጣው የብዙ ዓመት ድካም ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት ምሥራቁን የኢትዮጵያ ክፍል ጭምር የመታው ድርቅ ይህን አሳይቷል። እንዲህ ባለ ዘመን የቤቱ እመቤት በጀሪካን የተቀዳውን ውኃ ለልጆቿ፥ ለላሚቱና ለተክሉ ማካፈል አለባት፤ ለተክሉ የሚተርፈው ዕቃ የታጠበበት እጣቢ ነው። የተክሉን ሥር በማሽላ አገዳ ቢሸፍኑት እርጥበቱን ይይዝለታል ብሎ መምከር ቀላል ነው። ነገር ግን አገዳው የላሚቱ መኖ፥ የምድጃውም ማገዶ ነው። እኛም ይህን ምክር የምንሰጠው እየፈራን ነው።

ዝናቡ ሲበዛም ሌላ መከራ አለ። ፓፓያ ሥሩ በቆመ ውኃ ውስጥ ጥቂት ቀን የዋለ እንደ ሆነ ይበሰብሳል። በአሸዋማው ወንዝ ዳር ያለው መሬት ለአትክልት እጅግ የተመቸ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣም አስቀድሞ የሚወሰደው እርሱ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፥ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደርቆ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ ከደጋው በወረደ ጎርፍ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች በሌሊት ሞተዋል። በወንዝ ዳር የሚተክል ሁሉ ይህን ሌሊት አይረሳም።

እንግዲህ ወደ ደንበኛው ነገር እንመለስ። በድርቅ ዘመን ፍሬው ያንሳል፤ ሻጩም ትልልቁን ከላይ፥ ትንንሹን ከሥር አድርጎ መደቡን ለማሳመር፥ ወይም ገና ቢጫ መስመር ያላወጣውን ፓፓያ ቆርጦ ለመሸጥ ይፈተናል። ጥሬውን የተቆረጠ ፓፓያ ቢለሰልስም ጣዕም የለውም፤ ከከፊራ ገበያ የገዛችው ወይዘሮም ይህን የምታውቀው በእንግዳ ፊት ስትቆርጠው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ መደብ አትቆምም። ስለዚህ ሻጭዋ ትንሹን ለብቻ መድባ ዋጋውን ዝቅ ብታደርግ፥ ለሠርግ ወይም ለበዓል ቃል የገባችውንም ማድረስ የማይቻላት እንደ ሆነ ከሳምንት በፊት ብትልክ፥ ለጊዜው ብር ቢጎድልባት ደንበኛዋ አይጎድልባትም።

በገዢው ቤት በኩል ያለው ግዴታ ግን ከዚህ የሚያንስ አይደለም፤ ይልቁንም በማዕርግ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሊያስቡበት ይገባል። በጥጋብ ዓመት ዋጋ በድርቅ ዓመት መግዛት አይቻልም። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ከገጠር ዘንቢል ተሸክማ የወረደችውን ሴት «ገንዘቡን ነገ ነይና ውሰጂ» ማለት ነው። ነገ ለእርሷ ሌላ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ በዚያም ቀን ተክሉን የሚያጠጣ ሰው ላይኖር ይችላል። የቤቱ አዛዥ ሒሳቡን በሳምንት የሚዘጋ ቢሆን እንኳ፥ ለእንዲህ ያለ ግዢ ጥቂት ብር በእመቤቲቱ እጅ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ፓፓያ ከዘር በቅሎ በአንድ ዓመት ገደማ ስለሚያፈራ፥ ጎርፍ አትክልቱን የወሰደበት ቤተ ሰብ አስቀድሞ የሚተክለው እርሱን ነው። በዚያ ወራት ወደ በራችሁ የሚመጣው ዘንቢል ፓፓያ ብቻ የያዘ ቢሆን አትደነቁ፤ ማንጎው ገና ችግኝ ነው።