ጓዳው የተቆረጠበት መጽሐፍ፦ የአያቶችን ጽሑፍ ለሚያርም አሳታሚ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአዲስ አበባ አያቶች መጻፍ የሚጀምሩት የቤት ሥራ ሲያልቅ አይደለም፤ የቤት ሥራ አያልቅምና። የሚጽፉት በመካከሉ ነው፤ አብሲቱ እስኪበርድ፣ የበርበሬው ዛላ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ፣ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ባለችው ክፍተት፣ ልጆቹ ግማሹን ጽፈው በተዉት ደብተር ላይ። ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት ዘግይተው ነው። ካህን አባት ያላቸው ጥቂቶች ዳዊት ደግመው አድገዋል፤ ሌሎቹ ጥቂት ክፍል እንደ ተማሩ ተድረው ከትምህርት ቤት ወጥተዋል። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሕፃን አዝለው ቀበሌ እየሄዱ ስማቸውን መጻፍ የተማሩም ብዙ ናቸው። ያ ዘመቻ በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አግኝቷል። በዚያን ጊዜ ስማቸውን መጻፍ ከተማሩት ሴቶች አንዳንዶቹ ዛሬ አያት ሆነው የሕይወታቸውን ታሪክ ይጽፋሉ።

በቅርቡ ለንባብ የበቃው የአንዲት አያት የሕይወት ታሪክ ከእንዲህ ዓይነት ደብተሮች የወጣ ነው። ደብተሮቹ እንዴት እንደ ተሰበሰቡ፣ የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ ተቀምጣ በኮምፒውተር እንዴት እንደ ገለበጠቻቸው፣ ረቂቁ በአሳታሚ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ምን ያህል እንደ ከረመ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። አርታኢዎቹ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ምስጋና የሚገባው ነገር አለ። አሳታሚ ቤቱ የኅትመቱን ወጪ ራሱ ችሏል። ወረቀት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ ደራሲ ከኪሱ ከፍሎ ማሳተም ልማድ በሆነበት ገበያ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፊደል ግድፈቱ ጥቂት ነው፣ ጥራዙ ጠንካራ ነው፣ የሽፋኑ ፎቶግራፍም ያምራል። ምስጋናውን ከዚህ በላይ ማስረዘም ግን አይቻልም፤ ከሽፋኑ ሥር ያለው መጽሐፍ ደራሲዋ የጻፉት መጽሐፍ አይደለምና።

የተቆረጠው ጓዳው ነው። ረቂቁን ከኅትመት በፊት ያነበቡ ሰዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ የጠላውን ጥንስስ አላገኙትም፤ አራስ ቤቱን፣ ገንፎውን፣ ሴቶች በእንዝርት ዙሪያ የተጫወቱትን አላገኙም፤ የእድሩን ጠብና እርቅ አላገኙም፤ አማትና ምራት በአንድ ምጣድ የኖሩበትን ረጅም ምዕራፍም አላገኙም። ለቤተሰቡ የተሰጠው ምክንያት የጓዳ ወሬ አንባቢ አይስብም የሚል ነው። የቀሩት ታላላቆቹ ቀኖች ናቸው፦ የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ የ1966ቱ አብዮት፣ ቀይ ሽብር፣ የ1983ቱ ግንቦት። ደራሲዋ እነዚህን ቀኖች ያዩዋቸው ከቤታቸው ደጃፍ ነው። ቤቱ ሲወጣ ደጃፉም አብሮ ወጣ። በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሴት፣ ልጅ ሳይወልዱ ልጅ ይሞትባቸዋል፤ ምጣድ ሳያሰሙ እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ በምን እንደሚተዳደሩ ሳይታወቅ ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨው የስንቁ ምዕራፍ ነው። የደራሲዋ ባል በ1970 ዓ.ም. ታስረው ነበር። መጽሐፉ የተያዙበትን ሌሊት በዝርዝር ይተርካል፤ የተፈቱበትንም ቀን ይተርካል። በሁለቱ መካከል የነበረው ጊዜ በአንድ አንቀጽ አልፏል። ረቂቁ ላይ ግን ያ ጊዜ የመጽሐፉ ልብ ነበር። ደራሲዋ ሌሊት ተነሥተው ወጥ ይሠራሉ፤ ጤፍ በጠፋበት፣ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በተራ በሚታደልበት ዘመን ለስንቅ የሚሆነውን ከየት እንደሚያመጡ፣ ከልጆቹ ሳህን ምን ያህል እንደሚቀንሱ፣ ጎረቤት በምሥጢር የምትሰጣቸውን ሽሮ እንዴት እንደሚመልሱ ይጽፋሉ። ወጡ እንዳይበላሽ ቅመሙን ይለዋውጣሉ። በር ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ጠባቂው ምግቡን ሲያምሰው፣ መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱ ሲላቸው ይቆማሉ። ከውስጥ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ ባዶ መሆኑ ባላቸው በሕይወት ለመኖራቸው ማስረጃ ነበር፤ ሳይነካ የተመለሰ ቀን ሌላ ነገር ይታሰባል። በሰልፉ ከፊታቸው የቆመችው ሴት ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ ተብላ ዕቃዋን ታቅፋ ስትመለስ ያዩበት ገጽም እዚያው ነበር።

ያ ዘመን በከተማው ነዋሪ ላይ ምን እንዳደረገ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በቀይ ሽብር ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የሰው መገደልን የተረዳው በደብዳቤ ወይም በአዋጅ አይደለም፤ ስንቅ አታምጡ በሚል አንድ ቃል ነው። ያንን ሰልፍ የሠሩት በአብዛኛው እናቶች፣ ሚስቶችና እኅቶች ናቸው። ስለ ዘመኑ የተጻፉት መጻሕፍት የድርጅቶችን ክፍፍል፣ የኮሚቴ ስብሰባውን፣ ማን በማን ላይ እንደ መሰከረ በሰፊው ይነግሩናል። የሰልፉን ታሪክ ሊነግሩ የሚችሉት ሴቶች ግን እያረጁና እያለፉ ነው። አንዷ ጻፈችው፤ ወጣት አርታኢ እርሳስ አንሥቶ ሰረዘው። ይህ የአንድ ምዕራፍ መጉደል ብቻ አይደለም። በዚያ በር ላይ የቆሙት ሁሉ በአንዲት ሴት ብዕር አንድ ጊዜ ሊናገሩ ሲሉ ዝም ተባሉ።

ሌላው ለውጥ ከዚህ ይቀልላል፤ ይሁን እንጂ ሥሩ አንድ ነው። ደራሲዋ ነገሩን የሚያስታውሱት በበዓልና በጾም ነው፦ በፍልሰታ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና በተነሣበት ሰሞን። አርታኢዎቹ ይህን አንሥተው ምዕራፎቹን በዓመተ ምሕረት ደርድረዋል። ለአንባቢ ይመቻል ማለት ይቻላል። ነገር ግን በቤት ውስጥ ጊዜ የሚቆጠረው በዓመተ ምሕረት አይደለም።

በዚህ አሠራር ላይ የተለየ መንገድ የሄደ መጽሐፍ ይፈርድበታል። አይዳ እደማርያም አያቷ የጎንደሯ ወይዘሮ የተመኙ ለዓመታት ያወጓትን መዝግባ በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመችው የሕይወት ታሪክ የተደራጀው በኢትዮጵያ ወሮች ነው። አያቲቱ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ከእርሳቸው በብዙ ለሚበልጡ ካህንና ባለቅኔ ተዳሩ፤ ወረራን፣ ስደትን፣ የልጆች ሞትን፣ የባል መታሰርንና ሞትን አሳለፉ፤ የባላቸውን ስም ለማስመለስ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። መጽሐፉ ይህን ሁሉ የሚነግረው ከማጀቱ ሳይወጣ ነው፤ ጠመቃው፣ ድግሱ፣ ጸሎቱ፣ የወሊዱ ምጥ ሁሉም በቦታቸው አሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የኦንዳቼ ሽልማትን ያገኘውም እንዲህ እንዳለ ነው። የጎንደር አያት ጓዳ ለለንደን አንባቢ ካልከበደ፣ ለአዲስ አበባ አንባቢ በገዛ ቋንቋው ይከብዳል ብሎ መፍራት ከየት እንደ መጣ አይገባም።

ከባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ማርታ ባላርድ የተባሉ አዋላጅ በአሜሪካ፣ በሜይን፣ ከ1785 እስከ 1812 እ.ኤ.አ. ድረስ የዕለት ማስታወሻ ጽፈዋል። ሲጀምሩ ወደ ሃምሳ ዓመት ቀርበው ነበር፤ ሲያቆሙ አያት ናቸው። ያዋለዷቸውን ከስምንት መቶ በላይ ሕፃናት፣ የሸመኑትን፣ የተከሉትን፣ የተከፈላቸውንና ያልተከፈላቸውን በየቀኑ አስፍረዋል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ የአካባቢው ታሪክ ጸሐፊዎች ለከተማው ታሪክ የሚጠቅም የመሰላቸውን ጥቂት ጥቂት ቀንጭበው ቀሪውን ተራ ነገር ነው ብለው ተዉት። የታሪክ ምሁሯ ሎረል ታቸር አልሪክ ግን የታሪክን ጥያቄ ሁሉ ከዚያ ከተናቀው ክፍል አወጡ። ሴቶች በመካከላቸው ያካሄዱት የንግድና የብድር ሥርዓት፣ የአዋላጅና የሐኪም ፉክክር፣ የልጃገረዶች ጉልበት ዋጋ የታየው በዚያ ነው። ጥናታቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ታትሞ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘርን የታሪክ ሽልማት አገኘ። ጽሑፉ ራሱ ባይቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። የተቀነጨበ ማስታወሻ የሚያስተምረው ስለ ቀንጫቢው ፍላጎት ነው።

ጉዳዩ የአንድ አሳታሚ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግልጽ ደብዳቤ ባላስፈለገ። የአማርኛ የሕይወት ታሪክ ገበያ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው አድጓል። ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎች፣ የድርጅት አመራሮች፣ አምባሳደሮች ጽፈዋል፤ መልካም አድርገዋል። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ ማውጫ እንጂ መጠቁም የላቸውም፤ ፎቶግራፎቹ መግለጫ የላቸውም፤ አርታኢው ማን እንደ ሆነ እንኳ አይጻፍም። የሴቶቹ ግን ቁጥራቸው ያነሰ ሆኖ ሳለ የሚታረሙት ይበልጥ በጭካኔ ነው። ሥንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ካሳተሙ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗል። እርሳቸው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ለሚጽፉ ሴቶች መንገዱ ተጠርጓል ብሎ ማሰብ ደግ ነበር። አሁንም ግን ሴት ስትጽፍ የሚጠበቅባት ወንዶች የተዋጉበትን ቀን እንድትመሰክር ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በሕይወት ታሪካቸው ልጅነታቸውንና ወደ ዐድዋ የሄዱበትን ጉዞ በልጅ ዓይን ሲተርኩ አንባቢ የወደደው ያንን ዝርዝር ነው። የወንድ ልጅነት ታሪክ ተብሎ የሚጠበቅ ከሆነ፣ የሴት ምጣድ ወሬ ተብሎ የሚጣልበት ሚዛን ትክክል አይደለም።

መቁረጥ የአርታኢ ሥራ መሆኑ አይካድም። በዚያ ረቂቅ ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተደገመ ነገር ነበር፤ ስለ አንዲት ዘመድ የተጻፈው ቅሬታም ባይታተም ማንም አይጎዳም። ደራሲ በደብተር ሲጽፍ፣ ያውም እየተቋረጠ ሲጽፍ፣ ይደግማል። ይህን ማቃናት አገልግሎት ነው። ያልተገባው ደራሲዋን ሳይጠይቁ፣ ምን እንደ ወጣ ሳያሳዩ፣ የእርማት ቅጅ ሳይልኩ መቁረጥ ነው። በርቀት ያሉ፣ ኢሜይል የማይጠቀሙ ሰው አይደሉም፤ ቤታቸው ከአሳታሚ ቤቱ በታክሲ የሚደረስ ነው፤ ሄዶ ለጠየቃቸውም ቡና አፍልተው የሚያስረዱ ናቸው። ለሌሎቹ ደራሲዎች የመጨረሻው እርማት ይላካል። ለአያት የማይላክበት ምክንያት ምንድን ነው? መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣላቸው ደራሲዋ መጀመሪያ የፈለጉት የስንቁን ምዕራፍ ነበር። ገጹን ገልጠው፣ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ማውጫውን ደግመው አዩ፤ ከዚያም መጽሐፉን ለጎረቤት ሳያሳዩ አስቀመጡት። ዓመታት የጻፈ ሰው በገዛ መጽሐፉ እንዲያፍር ማድረግ በምንም የገበያ ስሌት አይካስም።

ይህ የሚጻፈው አሳታሚ ቤቱን ለመጉዳት አይደለም። አንባቢዎቹ ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቱ ጀምሮ የተከተሉት ናቸው፤ ለልጆቻቸው ስጦታ የገዙት የእርሱን መጻሕፍት ነው፤ ሌሎች የትርጉም ልብ ወለድ ብቻ በሚያሳትሙበት ጊዜ የሕይወት ታሪክን በማሳተሙ ሲተችም ተሟግተውለታል። ቅሬታውም የጸናው ለዚህ ነው። ሌላ አሳታሚ ቢያደርገው ኖሮ ይህን ያህል ባልተጻፈ።

ሊደረግ የሚችለው ግልጽ ነው። ሁለተኛ ኅትመት ካለ የስንቁ ምዕራፍ እንዳለ ይመለስ፤ አማትና ምራት የኖሩበትና የእድሩ ምዕራፍም አብረው ይመለሱ፤ ዓመተ ምሕረቱ ካስፈለገ በግርጌ ይጻፍ እንጂ በዓላቱ በቦታቸው ይቀመጡ። ሁለተኛ ኅትመት ከሌለ የተቆረጠው ለብቻው በትንሽ ጥራዝ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚቀርብ የአያት ረቂቅ ከመታተሙ በፊት የእርማት ቅጅው ለደራሲዋ ይድረስ፤ ዓይናቸው ከደከመ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ያንብብላቸው። ደብተሮቹም እስካሁን በአሳታሚ ቤቱ እጅ ናቸው። ቤተሰቡ ደጋግሞ ጠይቋል፤ የሚመለሱበት ቀን በጽሑፍ ይነገረው።