የሚጐተት ኹሉ የራሱ ፍሬን ይኑረው

የመኪና ጥበብ ከተገኘ ወዲህ የሰው ኹሉ ዐይን የሚያርፈው በሞተሩ ጕልበት ላይ ነው። ይኽን ያኽል ይጭናል፥ ያን ያኽል ይጐትታል እየተባለ ይወደሳል፤ ይገዛል፤ ይሸጣል። ነገር ግን የሚጐትት ኹሉ የጐተተውን ማቆም ደግሞ እንደሚገባው የሚያስብ ጥቂት ነው። መኼድ የጕልበት ሥራ ነው፤ መቆም ግን የጕልበትም የማስተዋልም ሥራ ነው። በመንገድ ላይ ሰውን የሚያጠፋውም መኼድ ያቃተው መኪና ሳይኾን መቆም ያቃተው ነው።

ይኽ ነገር ጐልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዱ አሜሪካ ነው። በዚያ አገር ፒክአፕ የተባለውን መኪና ገበሬውም ነጋዴውም አናጢውም ይይዘዋል፤ ከኋላውም ተሳቢ ቀጥሎ ከብቱን፥ ጀልባውን፥ የሥራ መሣሪያውን ይጐትትበታል። መኪናው ሀያ ዓመት ያለፈው ቢኾንም ሞተሩ ደኅና እስከ ኾነ ድረስ ከሥራ አይወጣም። ቍጠባ መልካም ነገር ስለ ኾነ በዚህ የሚነቀፍ የለም። ነቀፋ የሚገባው ግን ያረጀውን መኪና ከከባድ ተሳቢ ጋራ አጋጥሞ፥ የተሳቢውን ፍሬን ከመኪናው ጋራ ሳያገናኝ መንገድ የሚወጣው ሰው ነው።

ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፥ የክብደትን ጠባይ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል። 2,500 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ 2,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ሲጐትት፥ በመኪናው ፍሬን ላይ የሁለት ሸክም ዕዳ ይወድቅበታል። ደግሞም ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ቢያድግ፥ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው የእንቅስቃሴ ኃይል እጥፍ ሳይኾን አራት እጥፍ ይኾናል። በረዥም ቍልቍለት ላይ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። በመታጠፊያ ላይ የፊተኛው ሲቆም የኋለኛው አልቆምም ብሎ ስለሚገፋው፥ መኪናውና ተሳቢው እንደ ክርን ታጥፈው መንገዱን ይዘጉታል።

ይኽን ችግር የምድር ባቡር ከመኪና አስቀድሞ አይቶታል። በአሜሪካ የዕቃ ባቡር ፍሬን በሰው እጅ ይያዝ በነበረበት ዘመን፥ ፍሬን ያዦች በሚሮጠው ባቡር ጣራ ላይ ከአንዱ ፉርጎ ወደ አንዱ እየተሻገሩ የየፉርጎውን ፍሬን ያጠብቁ ነበር፤ ብዙዎችም ወድቀው ሞተዋል። ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ የተባለው ሰው በ1869 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የአየር ፍሬንን የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ አሻሽሎ፥ ፉርጎ ተበጥሶ ቢቀር ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ አደረገው። በዕቃ ባቡሮች ላይ ግን ኩባንያዎቹ ወጪውን እያሰቡ ስላመነቱ፥ የአሜሪካ መንግሥት በ1893 ዓ.ም. ሕግ አውጥቶ አስገደዳቸው። ጥበቡ ከተገኘ እስከ ታዘዘ ድረስ ሀያ አራት ዓመት አለፈ። በዚያ መካከል ለጠፋው ነፍስ ምክንያቱ የጥበብ ማነስ ብቻ ሳይኾን የፈቃድ ማነስም ነበር።

ዛሬም ጥበቡ ተገኝቷል። በብዙ የአሜሪካ ተሳቢዎች መንኰራኵር ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለ። ሥራውም እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲደርሰው በታምቡሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ከሚዞረው ብረት ጋራ ይጣበቃል፤ ብረቱም ይዞት ሊዞር ሲል ማግኔቱ የተያያዘበትን ዘንግ ይስባል፤ ዘንጉም የፍሬኑን ሸራ ከታምቡሩ ጋራ አጣብቆ መንኰራኵሩን ያቆማል። ነገር ግን ይኽ ፍሬን ትእዛዝ የሚሰጠው ከሌለ ዝም ያለ ብረት ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው በጋቢናው ውስጥ ከመሪው በታች የሚተከለው የተሳቢ ፍሬን መቈጣጠሪያ ነው። ፋብሪካው ራሱ ከመኪናው ጋራ አዋሕዶ የሠራው መቈጣጠሪያ በፎርድ ከባድ ፒክአፖች ላይ የታየው ከ2005 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ ስለ ኾነ፥ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ያለው ሰው መቈጣጠሪያውን ገዝቶ ማስተከል ይኖርበታል።

አተካከሉ በአራት ሽቦ የሚፈጸም ቢኾንም ለግዴለሽ እጅ የሚሰጥ አይደለም።

1ኛ፥ ጥቁሩ ሽቦ ከባትሪው ኃይል የሚያመጣው ነው። ኃይሉ ከመጠን ሲያልፍ በራሱ የሚያቋርጥ፥ እንደ ፍሬኑ ብዛት ከ20 እስከ 30 አምፔር የኾነ መከላከያ በባትሪው አጠገብ ሊገባለት ያስፈልጋል።

2ኛ፥ ነጩ ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይኼዳል። ያረጀ መኪና አካሉ ዝገት ስለማያጣው፥ ባገኙት ብሎን ላይ ማሰር ኃይሉን ማባከን ነው።

3ኛ፥ ቀዩ ሽቦ ከፍሬን መብራት ማብሪያ ጋራ ይገናኛል፤ ይኸውም ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ኃይል በሚያገኘው ወገን ነው። በሌላው ወገን ቢታሰር መቈጣጠሪያው ነጂው ዘወትር ፍሬን የረገጠ ይመስለዋል።

4ኛ፥ ሰማያዊው ሽቦ ትእዛዙን በመኪናው ኋላ ወዳለው ባለ ሰባት ጫፍ መሰኪያ ያደርሳል። በተለመደው መጠን አንዱ ማግኔት 3 አምፔር ያኽል ስለሚወስድ፥ ባለ አራት ፍሬን ተሳቢ 12 አምፔር ይፈልጋል። ሽቦው የቀጠነ እንደ ኾነ ኃይሉ በመንገድ ቀርቶ ፍሬኑ ይደክማል።

እነዚህ ቀለሞች የመቈጣጠሪያው ልማድ ናቸው፤ የመኪናው የራሱ ሽቦ ቀለም ግን ሊለይ ስለሚችል፥ እያንዳንዱን በመመርመሪያ መብራት ሳይፈትኑ መቀጠል አይገባም። ከተተከለም በኋላ በደረቅና ሜዳ በኾነ፥ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዱ የተሳቢውን ፍሬን በእጅ ማስያዝና ኃይሉን መመጠን ያሻል፤ መንኰራኵሩ ተይዞ መንሸራተት ሲጀምር ጥቂት ዝቅ ይደረጋል። ጭነቱ በተለወጠ ቍጥርም ልኩ መለወጥ አለበት። ደግሞ መቈጣጠሪያው ያለቀ ሸራን አያድስም፤ ፋብሪካው ለመኪናው ከወሰነው በላይ እንዲጐትትም አይፈቅድም። ክፉ ኾኖ የታሰረ ፍሬን ከሌለ ፍሬን ይብሳል፤ የሌለውን ሰው ይጠነቀቅለታል፥ በክፉ የታሰረውን ግን ያምነዋል።

ብዙ ዓመት ያለ ይኽ መሣሪያ ጐትቼአለሁ፥ ምንም አልኾንኹም የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ እስከ ዛሬ በድንገት መቆም አላስፈለገውም ማለት ነው። ወጪውን የሚፈራም ቢኖር፥ የተራው መቈጣጠሪያ ዋጋ ከአንድ ጎማ ዋጋ እምብዛም እንደማይርቅ ይወቅ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የሕጉም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በብዙ ግዛቶች ተሳቢው ፍሬን እንዲኖረው የሚገደደው ክብደቱ ከ3,000 ፓውንድ፥ ማለት ከ1,360 ኪሎ ሲያልፍ ነው። በቴክሳስ ግን ወሰኑ 4,500 ፓውንድ፥ ወይም 2,040 ኪሎ ያኽል ነው። የክብደት ጠባይ በግዛት ድንበር አይለወጥም፤ ስለዚህ ሕጉም አንድ ቢኾን፥ ወሰኑም ወደ ዝቅተኛው ቢወርድ ይገባል። በዚሁ በቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መኪናዎች ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ ቀርቷል። ለንግድ የሚሠራ ተሳቢ ከመኪናው ቢለያይ ፍሬኑ በራሱ ይዞ ቢያንስ 15 ደቂቃ እንዲቆይ የፌዴራሉ ደንብ ያዛል። የግለሰብ ተሳቢ ከንግዱ ተሳቢ ጋራ በክብደት እኩል ሲኾን በጥንቃቄ የሚያንስበት ምክንያት የለም። መርማሪ ባለበትም ስፍራ መኪናውንና ተሳቢውን ለየብቻ መመልከት አይበቃም፤ በመንገድ ላይ የሚኼዱት ተያይዘው ነውና የሚመረመሩትም ተያይዘው ሊኾን ይገባል።

መርማሪው በቀረበት ስፍራ ግን ዕዳው በባለ መኪናው ኅሊና ላይ ይወድቃል። በዳላስና በሂዩስተን የሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። የዕለት እንጀራውን በተሳቢ የሚያገኝ፥ ወይም ለጥምቀት በዓል ድንኳንና ዕቃ የሚያመላልስ ሰው በመካከላቸው ቢገኝ፥ የደብሩ አለቃና የማኅበሩ ሹም ስለ ነዳጁ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ፍሬኑ ቢጠይቁት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል።

በመንገድ ላይ ከፊት ያለው ሰው፥ ከኋላው የሚመጣው ተሳቢ ፍሬን ይኑረው አይኑረው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ነፍሱን ለማያውቀው ነጂ በአደራ ሰጥቶ ይኼዳል። አደራውን የተቀበለው ነጂ አራቱን ሽቦ ለማሰር የሚያጠፋው አንድ ቀን ሊከብደው አይገባም።