ማዕድን ማገልገል የማን ድርሻ ነው?

ጾመ ነቢያትን ፈጽመን በዓሉን ለመቀበል በምንሰናዳበት በዚህ ሰሞን ስለ ራሳችን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጻፍ የተለመደ ነው። እኛ ግን ዛሬ በባሕር ማዶ ስላየነው የሌላ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ጥቂት ማለት ወደድን። እዚያ ያየነው ነገር ዲያቆን ተብለን ስለምንጠራበት ስም ደጋግመን እንድናስብ አድርጎናልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ በአንዲት ከተማ ከሚገኝ የእኛው ማኅበረ ምእመናን ጋር የማገልገል ዕድል አጋጥሞን ነበር። ማኅበሩ የራሱ ሕንጻ ስላልነበረው፣ በተለምዶ ኤፒስኮፓል ከምትባለው ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች አንዱ ፈቅዶለት እሑድ እሑድ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት በእነርሱ ሕንጻ ይቀድስ ነበር። በስደት የሚኖሩ በርካታ ማኅበረ ምእመናን አገልግሎታቸውን እንዲህ ባለ የውሰት ቤት መጀመራቸውን እዚያ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የኅዳር ጽዮን በዓል በዋለበት ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ በምድር ቤቱ አዳራሽ ዝክር ተደርጎ ሕዝቡ በልቶ ጠጥቶ ተበተነ። አዳራሹን ከቅዳሴ በኋላ እናጸዳዋለን ብለን ተስማምተን ነበር። በማግሥቱ ቅዳሴውን ፈጽመን ስንወርድ ግን ሁለት አሮጊቶችና አንድ ሽማግሌ ቀድመውን ወለሉን ሲወለውሉ አገኘናቸው። ለካ ያ እሑድ የእነርሱ የልደት ዝግጅት የሚጀመርበት ዕለት ኖሯል፤ ልጆቻቸውም በዚያው አዳራሽ ተሰብስበው የአበባ ጉንጉን የሚሠሩበት ሰዓት ቀርቦ ነበር። እኛ በኀፍረት ቃል አጥተን ስንቆም ሽማግሌው ቁርስ በልተን እንደሆነ ጠየቁን። ጾም መሆኑን ነገርናቸው። «እንግዲያውስ ጊዜ አላችሁ» ብለው መወልወያውን ሰጡን።

እኚህ ሽማግሌ ከአጥቢያው ሁለት መጋቢዎች አንዱ፣ ማለትም የሕንጻው ኀላፊ እንደሆኑ ያወቅነው በኋላ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለዚህች ቤተ ክርስቲያን ጥቂት መናገር ይገባል። ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የወጣች ስትሆን፣ አሜሪካ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 በፊላደልፊያ በተደረገው ጉባኤ የራሷን መተዳደሪያና የጸሎት መጽሐፍ አጽድቃ ራሷን ችላለች። ከእኛ ጋር በትምህርተ ሃይማኖት፣ በምሥጢራት አፈጻጸምና በክህነት ሥርዓት የሚለያየን ብዙ ነው፤ በ1976 ጉባኤዋ የሴቶችን ቅስና መፍቀዱ ብቻ እንኳ ልዩነቱን ለማሳየት በቂ ነው። ይህንን የምናነሣው ለመንቀፍ አይደለም። የምንጽፈው ስለ አገልግሎት እንጂ ስለ ሃይማኖት አንድነት አለመሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲረዳልን ነው።

የልደቱን ዝግጅት አድቬንት ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ምጽአት ማለት ነው። የሐዋርያው እንድርያስ መታሰቢያ ለሆነው ለኖቬምበር 30 በሚቀርበው እሑድ ይጀመራል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ከኅዳር 18 እስከ 24 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። እኛ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያትን እንጀምራለንና በጥቂት ቀናት እንቀድማቸዋለን። ለእነርሱ ዕለቱ የቤተ ክርስቲያን ዓመት መባቻም ነው። እኛ የልደትን ዋዜማ ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብለን በሦስት እሑዶች ስንጠብቅ እነርሱ አራት እሑዶችን ይጠብቃሉ፤ በየሳምንቱም በለምለም ጉንጉን መካከል ከቆሙት አራት ሻማዎች አንድ አንድ እየጨመሩ ያበራሉ። ልብሰ ተክህኖው ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ከነቢያት ኢሳይያስ፣ ከሐዲስ ደግሞ የመጥምቁ ዮሐንስ ስብከት ይነበባል፤ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ ጉንጉኑ አመጣጥ ያነበብነው ነገር በልባችን ቀርቷል። የዛሬውን መልክ ከማግኘቱ በፊት በ1839 በጀርመን አገር በሀምቡርግ፣ ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን የተባለ ሰው ይመራው በነበረ የድኾች ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ የተጀመረ ነው። ልጆቹ በዓሉ መቼ ነው እያሉ ይጠይቁት ስለነበር፣ ቀኑን በብርሃን እንዲቈጥሩ የጋሪ መንኰራኩር ወስዶ ሻማ ተከለበት ይባላል። ዛሬ በታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት የሚታየው ጌጥ እንግዲህ ከድኻ ልጆች ቤት የወጣ ነው።

በዚያው በምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ሰፊ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አራቱ ሳምንታት በየመደባቸው ተከፍለው፣ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ የሰው ስም ተጽፏል። በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል፣ መጽሐፍ የሚያነብ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና የሚያፈላ፣ ለሕመምተኛ ቤት ድረስ ቍርባን የሚያደርስ፣ የረቡዕ ማታ ሾርባ የሚሠራ፣ ድስት የሚያጥብ። ከሁሉ ያስደነቀን የመሠዊያውን ንዋያት የሚንከባከቡት ሴቶች ሥራ ነው። ጽዋው የተጠረገበትን ጨርቅ መጀመሪያ ያለ ሳሙና ያለቀልቁትና ውኃውን ወደ ቆሻሻ መውረጃ አይደፉትም፤ በቀጥታ ወደ መሬት የሚወርድ የተለየ ማፍሰሻ ተሠርቶለታል። ለቅዱሱ ነገር ያላቸውን ፍርሃት ስናይ፣ በእኛ ቤተ ልሔም የሚያገለግሉ ሰዎች ጥንቃቄ ትዝ አለን።

ሥራውን የሚሠሩት ካህናት አይደሉም። አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ቬስትሪ የሚባል ከምእመናን የተመረጠ ጉባኤ ነው፤ ካህኑንም የሚመርጠው ይኸው ጉባኤ ነው። እኛም ብንሆን በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት የሚቀመጡበት የሰበካ ጉባኤ አለን። ስለዚህ ምእመናን በአስተዳደር መሳተፋቸው አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በጉባኤው ወንበር የተቀመጠው ሰው መወልወያ ይዞ መገኘቱ ላይ።

ይህ ልማድ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ለማወቅ የፈለገ ሰው በኒው ዮርክ ከተማ በማንሃተን የሚገኘውን የቅዱሳን ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይመልከት። ይህ የኤፒስኮፓል አጥቢያ ምእመናኑ ተመናምነው ለመዘጋት ተቃርቦ የነበረ ነው። ነገር ግን በ1982፣ በእኛ በ1975 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ለተራቡ ሰዎች ምሳ ማብላት ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን የመጡት ጥቂት አሥርት ሰዎች ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላ ግን በአንድ ቀን ከ1000 በላይ ማዕድ የሚያቀርብበት ዘመን መጣ። በ1990 ሕንጻው በእሳት ተቃጠለ። ቃጠሎው እንኳ ምሳውን አላስቆመውም። በ1994 እድሳቱ ሲጠናቀቅ የቀደሙትን ረዣዥም አግዳሚ ወንበሮች መልሰው አልተከሉም፤ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የተራበው ሰው በዚያው ቅዳሴ በሚቀደስበት አዳራሽ እንዲበላ ተደረገ። ማን እንደሆነና ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣም ምግቡን አሽገው በደጅ ማደል ቀጠሉ። የሚያበስለውና የሚያስተናግደው በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው።

ቤተ መቅደስ ውስጥ ምሳ መብላትን እኛ በሥርዓታችን አንቀበለውም፤ ስለዚህ ያንን እንቅዳ አንልም። ለዚህም ሰንበቴ ቤት አለን።

የምናየውን በጎ ነገር ሁሉ ያለ ነቀፋ ማለፍ ግን እውነቱን መደበቅ ይሆናል። በልደት ሰሞን የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ከሥራው ይበልጣል። የረቡዕ ማታውን ሾርባ የሚያስተባብሩት እናት እንዳጫወቱን፣ በታኅሣሥ ሰውን የሚያሰልፉበት ቦታ ያጣሉ፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ድስቱን የሚያነሣላቸው አያገኙም። የተራበው ሰው ደግሞ በሁለቱም ወራት እኩል ይራባል። ሌላም ነገር ቅር አሰኝቶናል። በአዳራሹ ጥግ ከቆመው የልደት ዛፍ ላይ ትንንሽ ወረቀቶች ተንጠልጥለው ነበር፤ በእያንዳንዱ ወረቀት የአንድ ችግረኛ ልጅ ዕድሜና የጫማ ቍጥር ተጽፏል። ምእመኑ አንዱን ይቀነጥስና ስጦታውን ገዝቶ ያመጣል። መልካም ነው፤ ልጁም እንዳያፍር ታስቦ ነው። ነገር ግን ሰጪው ከተቀባዩ የሚያውቀው የጫማውን ቍጥር ብቻ ሆነ። በእኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጡትን ነዳያን ሰው በስማቸው ያውቃቸዋል፤ እነርሱም ይመርቁታል፤ ዓይን ለዓይን ይተያያል። ይህን ሀብታችንን ልናቃልለው አይገባም። በቍጥርም ቢሆን ያቺ ቤተ ክርስቲያን ከ1960ዎቹ ወዲህ እየቀነሰች መጥታ፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ የነበረው አባሏ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ከእኛ የሞላ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሲነጻጸር የሚሠራው እጅ ጥቂት ነው።

እኛን ያሳሰበን እንግዲህ ይህ ነው። ጥቂት ሰዎች ያንን ያህል ሲሠሩ፣ ብዙ የሆንነው እኛ ምን እየሠራን ነው? እንሰጣለን፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን የምንሰጠው በአብዛኛው በዓልን፣ ተዝካርን ወይም ስእለትን ተከትለን ነው። ነዳያኑም ብዙ ጊዜ የሚደርሳቸው እንግዳው በልቶ ከተነሣ በኋላ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የቱ እንደሆነ ሲያስተምር የተራበውንና የታረዘውን ከፊት አስቀምጦታል፤ ጾሙ ደግሞ ነቢያት የጾሙት ነው ብለን የምንጾመው ነው። በዚህ ጾም ቁርስ ያልበላ ቤተሰብ የቁርሱን ዋጋ የት አደረገው?

በዚህ ነገር ቀዳሚው ተጠያቂ ደግሞ እኛ ዲያቆናት ነን። በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ተምረናል፤ ተፈትነንበታልም። ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በዕለት ዕለቱ ማዕድ ችላ ስለተባሉት መበለቶች ጕርምርምታ በተነሣ ጊዜ መሆኑን ለመመለስ አንዳችንም አልተቸገርንም። ፈተናው አልፎ ሃያ ዓመት ያህል ስናገለግል ግን የመበለቶች ማዕድ ዘንድ ቆመን አናውቅም። አንዳንድ አባቶች ይህን ስናነሣ፣ የዲያቆን ቦታው መቅደስ ነው፤ ሐዋርያትም ቃሉን ትተው ማዕድ ማገልገል እንደማይገባቸው ተናግረዋል ይሉናል። አባባላቸው ክብደት አለው፤ ቅዳሴው ያለ ዲያቆን አይሆንምና። ይሁን እንጂ ሐዋርያት ያን ያሉት ማዕዱን ንቀው አይደለም። ንቀውት ቢሆን ኖሮ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰዎች ባልመረጡለት፣ እጃቸውንም ባልጫኑባቸው ነበር። ከሰባቱ አንዱ የሆነው እስጢፋኖስም ማዕዱን ማገልገሉ ቃሉን ከመስበክ አላገደውም።

ስለዚህ ሐሳባችን ቀላል ነው። በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤውና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ተስማምተው፣ በሰንበቴ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ይለጥፉ። በጾሙ ወራት ብቻ ሳይሆን ከጥምቀት በኋላ፣ በክረምትም፣ የበዓል ሽታ በሌለበት ተራ ሳምንት ማን ያበስላል፣ ማን ውኃ ይቀዳል፣ ማን ደጅ መምጣት ያቃታቸውን አረጋውያን ይጠይቃል የሚለው በስም ይጻፍ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያዎቹ መስመሮች የዲያቆናቱ ስም ይግባ፤ ሌላው ይከተላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጡረታ የወጡ አባቶች ሥራ እስኪሰጣቸው የሚጠብቁ እንጂ የሚሸሹ አይመስሉንም።

ወደዚያች ከተማ ስንመለስ፣ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ማኅበራችን የቅዳሜ ማታውን ጽዳት በተራ ያዘ። አጥቢያውም ልደትን ባከበረበት ዕለት ጋበዘን፤ በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ነበርና ጾም ላይ ነን። ከማዕዱ ጫፍ ለብቻቸው የተቀመጡ ሁለት ሳህኖች አጠገብ፣ ሥጋም ወተትም ቅቤም እንዳልገባባቸው የሚገልጽ ወረቀት በእጅ ተጽፎ ቆሟል። ምስሩ ጨው አንሶት ነበር፤ በልተን ጨረስነው።

በየካቲት ወር ወደ ምድር ቤቱ ስንወርድ ዛፉና ጉንጉኑ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል። በረቡዕ ማታ ሾርባ ትይዩ ከተሰመሩት አራት መስመሮች ሁለቱ ባዶ ነበሩ። እኛም እስክሪብቶ ለምነን ሦስተኛውን ሞላን። አራተኛው ወደ አገራችን እስከተመለስንበት ሳምንት ድረስ ስም አልተጻፈበትም።