ጎብኚውና ባለ አገሩ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንደሚነገረው፣ ስሟን ያገኘችው በቡጋንዳ ነገሥታት ዘመን ኢምፓላ የሚባለው የድኩላ ዘመድ ይሰማራበት ከነበረ አንድ ኮረብታ ነው። ዛሬ በዚያ ኮረብታ ላይ ኢምፓላ አይታይም፤ መንገዱን የሞላው ሕዝብ፣ መኪናና ቦዳ ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት ነው። ዳሩ ግን አራዊትን ፈልጎ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ ጉዞውን የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የጉዞ ድርጅቶች ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አሥረው ይሸጡለታል፤ በረዶ የለበሰ ተራራ መውጣትን፣ የዱር አራዊት ማየትን፣ በመጨረሻም በውሃ ዳር አሸዋ ላይ ማረፍን። ሁሉም በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል።

ጉዞው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሰው የማያውቀውን አገር ቢያይ አእምሮው ይሰፋል፤ አስተናጋጁም አገር የውጭ ምንዛሪ ያገኛል። ይሁን እንጂ አንድ ተራራ፣ አንድ ዱር ወይም አንድ ዳርቻ ለጎብኚ ሲከፈት አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በሥፍራው የኖረው ሕዝብ ምን አገኘ፣ ምንስ አጣ የሚለው ነው ባይ ነኝ። ይህ ጥያቄ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው አሉ። የኡጋንዳ ታሪክ እንደሚያሳየን ግን የአራዊቱም ሕልውና በመልሱ ላይ የተመሠረተ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ተራራውን እንመልከት። ከካምፓላ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው በኮንጎ ጠረፍ ላይ የሩዌንዞሪን ተራሮች ያገኛል። ከፍተኛው ጫፍ 5,109 ሜትር ሲሆን በአፍሪካ ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው፤ ከእኛው ራስ ዳሸን በግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። በ1906 ወደ ጫፉ የወጣው የኢጣልያ መስፍን ሉዊጂ አሜዴዎ፣ የኢጣልያ ንግሥት ለነበረችው ለማርጌሪታ ክብር ሲል በስሟ ጠራው። ማርጌሪታ ማለት ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ሠራዊቱ በዓድዋ ድል የተመታበት የንጉሥ ኡምቤርቶ ባለቤት ናት። ነገሩ ከጉዳያችን ጋር ብዙም ባይገናኝ እንኳ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያስተውለው ሊያልፍ አይገባም። በተራራው ሥር የሚኖሩት ባኮንዞዎች ግን በረዶው ኪታሳምባ የተባለ አምላክ ማደሪያ ነው ብለው ሲያከብሩት የኖሩ ናቸው። መስፍኑ ስም አወጣ፤ ጓዙን የተሸከሙለት አፍሪካውያን ስም በካርታው ላይ የለም። በዛሬው ጊዜም ረግረጉንና ገደሉን እየተሻገሩ የጎብኚውን ምግብና ድንኳን የሚሸከሙት፣ መንገዱንም የሚመሩት አብዛኞቹ ባኮንዞዎች ናቸው። ቢያንስ በዚህ ሥፍራ ተራራው ለልጆቹ እንጀራ ሆኗል ለማለት ይቻላል። ይህም እንጀራ ቢሆን እየሳሳ ነው። መስፍኑ በመጣበት ዘመን ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን የነበረው ግግር በረዶ፣ በዚህ ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ ተገኝቷል። ለዓለም ሙቀት መጨመር የባኮንዞ ገበሬ ያደረገው አስተዋፅኦ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከተራራው ወርዶ ወደ ሜዳው የሚዘልቅ ጎብኚ በ1952 የተቋቋመውን፣ ዛሬ በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም የሚጠራውን ብሔራዊ ፓርክ ያገኛል። በካዚንጋ ቦይ ጉማሬው በመንጋ ተኝቶ ይታያል፤ በኢሻሻ አንበሶች ዛፍ ላይ ወጥተው ያርፋሉ። በዚሁ ፓርክ ክልል ውስጥ ግን ዓሣ አጥማጆችና ከብት አርቢዎች የሚኖሩባቸው መንደሮች አሉ። በሚያዝያ ወር 2018 ሐሙኩንጉ በተባለው መንደር አጠገብ አሥራ አንድ አንበሶች በመርዝ ሞተው ተገኙ። ከእነርሱ ውስጥ ስምንቱ ግልገሎች ነበሩ። ከብቶቻቸውን ያጡ ሰዎች በበቀል ያደረጉት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠረጠረ። በ2021ም በኢሻሻ ስድስት አንበሶች ሞተው ተገኝተዋል። ድርጊቱ አሳዛኝ መሆኑ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን ላሙ ስትበላበት ምንም የማያገኝ፣ አንበሳው ሲታይም ምንም የማይደርሰው ሰው አንበሳውን የሚወድበት ምክንያት ከየት ይመጣል? ጠባቂው ጠብመንጃ ይዞ በየቁጥቋጦው ሥር ሊቆም አይችልም። የጠመንጃ ጥበቃ ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ኡጋንዳ በጦርነቱ ዘመን አይታዋለች፤ ሕግ በፈረሰበት በዚያን ጊዜ አውራሪስ ከአገሪቱ ዱር ፈጽሞ ጠፋ። በዚዋ የመጠበቂያ ሥፍራ እንደገና ማርባት የተጀመረው በ2005 ነው።

ለክርክራችን ከሁሉ የሚከብደው ግን የብዊንዲ ደን ነው። በዚህ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ በዓለም ላይ ከቀሩት የተራራ ጎሪላዎች ግማሽ የሚጠጉት ይኖራሉ። ባትዋ የሚባሉት ሕዝቦች በዚሁ ደን እያደኑና ማር እየቆረጡ ከጥንት ጀምሮ ኖረዋል። በ1991 ብዊንዲ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲከለል ከደኑ እንዲወጡ ተደረጉ፤ የሚያርሱት መሬት ስላልነበራቸው ይዞታ እንዳለው ሰው አልተቆጠሩም፤ ካሣም ሳያገኙ ብዙዎቹ በሰው መሬት ላይ ተጠግተው የቀን ሠራተኞች ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጎብኚዎች ጎሪላን ለማየት መግባት ጀመሩ። አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ከጎሪላዎቹ ጋር አንድ ሰዓት ለመቆየት የሚከፍለው ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ 800 የአሜሪካ ዶላር ሆኗል። ባትዋዎች በበኩላቸው ለዚሁ ጎብኚ በደኑ ዳር ይጨፍሩለታል፤ አያቶቻቸው እሳት እንዴት ይጭሩ እንደነበረም ያሳዩታል። ቤታቸው ከነበረው ደን ውጭ ቆመው የቤታቸውን ኑሮ እንደ ትርዒት ሲያቀርቡ ማየት፣ ልብ ላለው ጎብኚ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ላይ ተቃራኒ አሳብ የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ። ደኑ ባይከለል ኖሮ በመጥረቢያ አልቆ ጎሪላውም ይጠፋ ነበር ይላሉ። አባባላቸው ባዶ አይደለም። በብዊንዲና በአዋሳኙ የኮንጎ ደን በ2018 በተደረገው ቆጠራ 459 ጎሪላዎች ተገኝተዋል፤ የተራራ ጎሪላዎች ጠቅላላ ቁጥርም ከ1,000 አልፏል። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርዝር ወደ ቀለለው ደረጃ አሸጋግሯቸዋል። የጎብኚው ገንዘብ ለዚህ ውጤት ረድቷል። ነገር ግን ደኑን መከለል አንድ ነገር ነው፤ የደኑን ሰዎች ያለ ካሣ ማስወጣት ሌላ ነገር ነው። ግንድ እየሰነጠቁ ለገበያ ያወጡ የነበሩትና ማር ቆራጩ ባትዋ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም ነበር። የኡጋንዳ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2021 ለባትዋዎች ፈርዶላቸዋል፤ ፍርዱ ግን የተሰጠው ከደኑ በወጡ በሠላሳ ዓመታቸው ነው።

የኡጋንዳ ሕግ ከፓርክ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶው ለአጎራባች ሕዝብ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የማይገኝ መልካም ሥርዓት ነው። ሆኖም ትልቁ ገንዘብ ያለው በጎሪላው ፈቃድ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ለአካባቢው ሕዝብ በተለይ የሚቆረጠው 10 ዶላር ብቻ ነበር። ስምንት መቶና አሥር! ላሙን አንበሳ የበላበት፣ በቆሎውን ዝሆን የረገጠበት፣ ከደኑም የተባረረው ሰው ሁሉ የሚካፈለው ከዚህ ነው።

ጉዞው የሚያበቃው በውሃ ዳር ነው። ኡጋንዳ ባሕር ስለሌላት ዕረፍቱ የሚሆነው የቡጋንዳ ሰዎች ናሉባሌ፣ እንግሊዞች ደግሞ ቪክቶሪያ በሚሉት ሐይቅ ውስጥ በሚገኙት ሰማንያ አራቱ የሴሴ ደሴቶች ላይ ነው። ጎብኚው ዳርቻው ጸጥ ያለና ሰው ያልበዛበት በመሆኑ ይደሰታል። ጸጥታው የራሱ ታሪክ አለው። በሃያኛው ምዕት ዓመት መባቻ በሐይቁ ዙሪያ የእንቅልፍ በሽታ ወረርሽኝ ገብቶ ከ200,000 በላይ ሕዝብ ፈጅቷል፤ የቅኝ ግዛቱ መንግሥትም የተረፉትን ደሴተኞች ከመኖሪያቸው አስወጥቷቸዋል።

ነገሩ የጎረቤት አገር ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይታየን ወደ ስሜን ተራሮች እንመለስ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ይህ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ደግሞ ከዝርዝሩ ወጣ። ለመውጣቱ ከረዱት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ነዋሪዎች እስከ 2016 ድረስ ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። ሣሩ በከብት ብዛት ተግጦ ዋልያው መሰማሪያ አጥቶ ስለነበረ፣ መዛወሩ ያለ ምክንያት የተደረገ አልነበረም። ለእነዚህ ሰዎች እንደ ባትዋዎች ሳይሆን ካሣ ተከፍሏቸዋል። ዳሩ ግን የዘር ማሳና ከብት የለመደ ገበሬ በከተማ ውስጥ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ በምን ይኖራል? በደባርቅ መንገድ መሪዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ ጫኞች በየማኅበራቸው ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። የጎብኚ መምጣት ሰላምን የሚከተል ስለሆነ ተራው የሚደርስበት ጊዜ ይራዘም ይሆናል። ቢሆንም ከአባቱ ጋር በግጭ ሜዳ ላይ ከብት ያገደ ወጣት በዚያ ተራ ውስጥ በቅድሚያ ስሙ ሊጻፍለት ይገባል፤ ከፓርኩ መግቢያም ገንዘብ ለዚያ መንደር ሰዎች የታወቀ ድርሻ በሕግ ሊቆረጥላቸው ይገባል። ያ ወጣት ዛሬ ጎብኚው ድንኳኑን የሚተክልበትን ሣር፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅና ጭላዳው በየትኛው ገደል እንደሚያድር ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።