ሰባት ሺህኛው ዓመት መቼ ነበር?

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሐል ከተማ የሚመጣ ሰው ሚሌኒየም አዳራሽን ሳያይ አያልፍም። አዳራሹ ስሙን ያገኘው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 2007 ከተቀበልነው ከ2000 ዓ.ም. ነው። ያው ዓመት በቤተ ክርስቲያናችን ዓመተ ዓለም 7500 እንደነበረ ግን ያኔ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በአንጻሩ ከዚያ 500 ዓመት በፊት የኖሩ አባቶቻችን 1500 የሚለው ቁጥር እምብዛም አላስጨነቃቸውም፤ ያስፈራቸው 7000 ነበር። ኑሮ በተወደደ፣ ልጅ አባቱን በተዳፈረ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» የምንለው ከዚያው ስጋት የተረፈ ቋንቋ ነው።

ዐፄ ናዖድ ስምንተኛው ሺህ በዘመናቸው እንዳይገባ ፈጣሪያቸውን ይለምኑ እንደነበር በታሪክ ይነገራል። ንጉሡ ያረፉት ነሐሴ 7 ቀን 1500 ዓ.ም. ማለትም በ7000 ዓመተ ዓለም ማብቂያ ላይ ነው። 7001 ሊገባ 29 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ዙፋኑን የወረሱት ልጃቸው ልብነ ድንግል ገና ብላቴና ስለነበሩ የመንግሥቱን ሥራ በአብዛኛው እቴጌ እሌኒ መሩ። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የንጉሡ ጦር በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ድል ሲሆን፣ የተፈራው ሁሉ የደረሰ መሰለ።

ነገር ግን ያ ዓመት በእርግጥ ሰባት ሺህኛው ነበርን? መልሱ በጠያቂው ይወሰናል። ለግብጽ ክርስቲያኖች 1224 ዓመተ ሰማዕታት ነበር። ለሐረርና ለዘይላ ሙስሊሞች በ913 ዓመተ ሂጅራ ተጀምሮ በ914 ያለቀ፣ ለአይሁድ 5268፣ ለቁስጥንጥንያና ለሞስኮ ቀሳውስት 7016፣ ለሮም 1507/8 ነበር። የእኛው ጸሐፍትም በ532 ዓመት ዑደት ሲቆጥሩ 160 ዓመተ ምሕረት ይሉታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በዚያ ዘመን ብራና ላይ «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ዛሬ የምናውቀውን አቆጣጠር አያመለክትም።

የልዩነቱ ምንጭ የታወቀ ነው። የእኛ ስሌት በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ያዘጋጀውን ይከተላል፤ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይሰጣል። ሮም ውስጥ ዲዮናስዮስ በ525 የልደትን ዓመት በራሱ መንገድ ስላሰላ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ተፈጠረ። ቢዛንታዮች ደግሞ ለዓለም ፍጥረት ከእኛ 16 ዓመት የቀደመ መነሻ ያዙ። ስለዚህ የእነርሱ 7000 በ1491/92 መጥቶ ሄደ። በሞስኮም የትንሣኤ በዓል ማውጫ የተሰላው እስከዚያው ዓመት ብቻ ስለነበር፣ ዓለም አለማለፏ ሲታይ ሜትሮፖሊታን ዞሲማ በ1492 ለስምንተኛው ሺህ አዲስ ማውጫ አወጡ። ዐፄ ናዖድ ገና ሲጨነቁ የሰሜን ክርስቲያኖች ፍርሃቱን ጨርሰውት ነበር ማለት ነው። አንድ ዓለም ሁለት ጊዜ ሰባት ሺህ ሊሞላት አይችልም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የአሥራ ስድስተኛውን መቶ ክፍለ ዘመን መከራ በቁጥር ማሳበብ ታሪክን ከመመርመር ያሰንፋል። የአዳልና የክርስቲያኑ መንግሥት ፉክክር፣ ወደ ዘይላ የሚወስደው የንግድ መንገድ፣ ከቱርክና ከፖርቱጋል የመጣው የጦር መሣሪያ ሁሉም በሰው እጅ የተሠሩ ምክንያቶች ናቸው። የሺህ ዓመት ድንበር ግን የመቁጠሪያው ባሕርይ ነው። አሥር ጣት ባይኖረን ኖሮ 7000 የተለየ ቁጥር አይሆንም ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ ስለ አጻጻፋችን ነው። ተማሪዎች ዓመተ ምሕረትን ወደ አውሮጳ ሲመልሱ «ስምንት ደምር» ብለው ያልፋሉ፤ ወርና ቀን ሲጠየቁም የዛሬውን ሰሌዳ ይጠቀማሉ። በዚህ መንገድ ዐፄ ናዖድ ያረፉበት ነሐሴ 7 ቀን ኦገስት 13 ቀን 1508 ይሆናል። ስሕተት ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የወጣው በ1582 ስለሆነ፣ ያኔ አውሮጳ በምትከተለው በዩልዮስ አቆጣጠር ዕለቱ ጁላይ 31 ነበር። ሰሌዳውን ወደ ኋላ የሚዘረጋ የኮምፒውተር ፕሮግራም ደግሞ ኦገስት 10 ይላል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን የአቆጣጠሩን ስም ቢጽፉ፣ ከ1582 በፊት ላለው ቀን ደግሞ ዩልዮስ መሆኑን ቢገልጹ የሚወስድባቸው አንድ ቃል ነው።

የባሕረ ሐሳብ ስሌትም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቦታ ሊያገኝ ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ከአራቱ መሠረታዊ ስሌቶች የዘለለ እውቀት አይጠይቅም። ዓመተ ዓለሙን ለአራት ማካፈል፣ ድርሻውን (መጠነ ራብዒት ይባላል) በዓመተ ዓለሙ ላይ መደመር፣ ድምሩን ለሰባት ማካፈል ነው። ቀሪው 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ 2 ከሆነ ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ያለ ቀሪ ሲካፈል ሰኞ ነው። ለ7000 ዓመተ ዓለም 7000 ሲደመር 1750 ይሆናል 8750፤ ይህም ለሰባት ያለ ቀሪ ይካፈላል። ያ የተፈራ ዓመት የገባው እንግዲህ ሰኞ ቀን ነበር። በ7500 የሞከረ አንባቢ ቀሪ 2 ያገኛል፤ የሚሌኒየሙ መስከረም 1 ረቡዕ እንደዋለ የዚያን ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውጥቶ ማመሳከር ይችላል።