ሥራችን ለማን ነው?

ሥራ ክቡር ነው የማይል ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። በክርክር መድረክ ይነገራል፤ በየጽሑፉ ይጻፋል፤ በጉባኤም ይሰበካል። ነገር ግን አፋችንና እጃችን ምን ያህል እንደሚስማሙ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ሲግናል ድረስ መሄድ ይበቃል።

በቅርቡ አንድ ሰኞ ማለዳ ሲግናል ላይ ታክሲ እየጠበቅን፣ እሑድ ስለ ሥራ የሰማነውን ስብከት አንሥተን እንጨዋወት ነበር። ከየካ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የወረዱ አንዲት እናት ሸክማቸውን ከግንብ አስደግፈው ዐርፈዋል። ሊነሡ ሲሉ ወደ እኛ ዘወር ብለው «ልጆቼ፣ እስቲ አሸክሙኝ» አሉን። እርስ በርሳችን ተያየን፤ ልብሳችንንም አየን። በዚህ መካከል አንድ የቀን ሠራተኛ አካፋውን ጥሎ መጣና አሸከማቸው። እኛም ታክሲያችን ደርሶ ገባን። እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ ስብከቱን መልሶ ያነሣ አልነበረም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ ሥራ ሁሉ ለሰው ታይታ ሳይሆን ለጌታ እንደሚቀርብ አገልግሎት በቅን ልብ እንዲሠራ ይመክራል። ምክሩን የሰጠው ለባሮች ነበርና አንዳንዶች «ድኻ ሸክሙን ዝም ብሎ ይሸከም ማለት ነው» ብለው ይነቅፉታል፤ ሌሎች ደግሞ የሠራተኛ ደመወዝ ለማሳነስ ይጠቅሱታል። ሁለቱም ንባቡን ካጋማሽ አቋርጠውታል። ሐዋርያው ወዲያው ቀጥሎ ጌቶችንም፣ በሰማይ ጌታ እንዳላቸው አስታውሶ፣ ለአገልጋዮቻቸው የሚገባውን እንዲሰጡ ያዛል። እንግዲህ ታማኝነት ከሠሪው ብቻ ሳይሆን ከአሠሪውም ይፈለጋል። ጳውሎስ ራሱ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ጌታችንም በናዝሬት በጠራቢነት ታውቋል።

አገራችን ይህን ሁሉ እያነበበች ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያለች ስትሰድብ ኖራለች። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ብሎ ሥራ መፍታትን የሚጠላ ሕዝብ፣ የሚሠራውን ደግሞ በሙያው ይንቅ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ አፍን ይዘጋ ይሆናል፤ ዐይን ግን ዛሬም ይሰድባል። በዚያ ማለዳ የእኛ ዐይን የተናገረው ይህንኑ ነበር።

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከተተከለ ወዲህ፣ ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ምድጃ የነደደው ከእንጦጦና ከየካ ዳገት በሴቶች ጀርባና በአህያ በወረደ እንጨት ነው። ለእኒያ እናት ስለ ታማኝ አገልግሎት የምንሰብከው ነገር የለንም፤ እሳቸው ሥራቸውን ያውቁበታል። የጐደለው የድካማቸው ዋጋ ነው። «ሥራ አምልኮ ነው» ብለን የተላጠ ጀርባቸውን ልናስረሳቸው ብንሞክር ቃሉን ማርከስ ይሆንብናል።

ቃሉ የተነገረው ለእኛ ነው። የእኛ ሥራ መማር ነው፤ የምንማረውም በሕዝብ ገንዘብ ነው። ታዲያ የጓደኛን ጽሑፍ ገልብጦ ስሙን የሚጽፍ፣ በፈተና የሚኮርጅ፣ ነገ ዳኛ ወይም ሹም ሲሆን ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ለማለት ከአሁኑ እየተለማመደ አይደለምን?

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ የተሰጠንን ማንም ባያየንም በሐቅ እንሥራ። ሲግናል ላይም «አሸክሙኝ» የሚል ድምፅ ስንሰማ አስቀድመን እጃችንን እንዘርጋ፤ ስለ ስብከቱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።